ለሥዕልና ለስፌት ሥልጠና የሕዝብ ገንዘብ ይውጣ ወይ? ሰሜን ተራሮችን ይዘን እንከራከር

ዳባቴ፦ ጥያቄዬ ይሄ ነው። በፓርክ ዙሪያ ለሚኖር ሕዝብ ተብሎ ከሚመደብ ገንዘብ፣ ከመንግሥትም ይሁን ከረጂ፣ የተወሰነው ለሥዕል፣ ለሣር ስፌትና ለእንጨት ቅርጽ ሥልጠና ይዋል ወይ? መነሻው ተራራውና አውሬው ሆኖ ማለቴ ነው። እኔ ይዋል ባይ ነኝ። ዋልያ በዓለም ላይ በዱር ያለው እኛው ተራራ ላይ ብቻ ነው፣ ብዙ ልጅ ግን የሚያውቀው ከኳስና ከቢራ ነው።

ቆፍጣናው፦ ወንድሜ፣ ሆድ ይቅደም። ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፣ በ2017 አወጣው፣ ሁላችንም አጨበጨብን። በመሃል ግን ፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎች ከቀያቸው ተነስተው ደባርቅ ገቡ። እርሻውን ትቶ ለወጣ ገበሬ ብሩሽ ልትሰጠው ነው? ወፍጮ ስጠው፣ ላም ስጠው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ስፌተኛዋ፦ ቆፍጣናው፣ አንተ ስፌትን ጨዋታ አድርገኸዋል። እናቴ አክርማና ስንደዶ ለቅማ፣ ቀለም ነክራ፣ በወስፌ ሰፍታ ነው ደብተር የገዛችልኝ። ሴቷ ሙያው አላት። የሚጎድላት ሌላ ነው፤ ምን መጠን ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ የትኛው ቀለም አይለቅም፣ በስንት ይሸጣል። መሶብ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር ፈረንጅ አይቼ አላውቅም። ጭላዳ ዝንጀሮ የተሰፋበት ትንሽ ሙዳይ ግን ይገባለታል።

አስጎብኚው፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ መንገድ ዳር ልጆች ስፌትና የሱፍ ቆብ ይዘው ይቆማሉ፣ ይሸጣሉም። ግን እንግዳው የት አለ? በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተነሳ ጀምሮ፣ ያኛው በረደ ሲባል ደግሞ በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ ሌላ ግጭት ተነሳና፣ ስንቱ አስጎብኚ ሥራ ቀይሯል። ሥልጠናውን ስጡ፣ ግን ለቱሪስት ብቻ የሚሆን ዕቃ አታስተምሩ። ቱሪስት ሲጠፋ ሙዳዩ አይበላም።

አዲስ አበቤው፦ መንግሥትን ምን አስጠበቃችሁ? ዞማ ሙዚየምን እዩ። የሥነ ጥበብ ባለሙያዎቹ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ በጭቃና በጭድ ሠርተው፣ አትክልቱን ተክለው፣ ስንት ሰው ይጎበኘዋል።

ዳባቴ፦ መካኒሳ ገዢም ጎብኚም አለ። ደባርቅ ማን አለ?

መንዜው፦ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። ሣሩ ከየት ይመጣል? አርባ ሴት ብታሠለጥኑና ሁሉም ለስፌት ሣር ፓርኩ ውስጥ ብትገባ፣ ለተፈጥሮ ብላችሁ ያመጣችሁት ነገር ተፈጥሮውን ሊላጨው ነው። ጭላዳ ደግሞ ዋና ምግቡ ሣር ነው። እኛ መንዝ የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። ድሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲደርስ ብቻ ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፣ ዛሬም ግን ጠባቂው ማኅበረሰቡ ነው። እናንተ ማን መቼ እንደሚያጭድ ሳትወስኑ ሥልጠና አትጀምሩ።

ስፌተኛዋ፦ ይሄ እውነት ነው። በየማሳው ዳር መትከልም ይቻላል እኮ፣ ሥልጠናው ውስጥ ይግባ።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ሽያጭ ነው የምታወሩት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረችው 500 ገደማ ናት፣ ከሚጨርሷት ነገሮች አንዱ ከእኛው ውሻ የሚተላለፍባት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻህን አስከትብ ብለህ ለገበሬው ንግግር ብታደርግለት አንቀላፍቶ ይሰማሃል። የገዛ ልጁ ቀበሮዋንና የቤቱን ውሻ ስሎ ግድግዳ ላይ ቢለጥፍለት ግን ይጠይቃል። ለዚህ ወረቀትና ከሰል ይበቃል። በ2011 ተራራው ሲቃጠል ከውጭ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ ቅጠል ይዞ እሳቱ ላይ የወጣው የአካባቢው ሰው ነው። ሌላ ጊዜም እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ለልጁ ትንሽ አውጡ።

ቆፍጣናው፦ መምህር፣ እርስዎ ሲናገሩ መልስ ያሳጡኛል። ወረቀትና ከሰል ከሆነ ልቀበል እችላለሁ። እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። ሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ ካናቴራ፣ የውሎ አበል፣ ሻይና ኬክ፣ ከዚያ ፎቶ ተነስቶ መበተን። ልጁ ብሩሹን ሳይነካ በጀቱ ያልቃል። እኛ ከተማ አንዱን እንደዚህ አይቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ አልናገርም።

አስጎብኚው፦ ሃሃ፣ ሁላችንም አይተነዋል።

ዳባቴ፦ እሺ፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይሁን፣ አበል አይኑር፣ ገንዘቡ ለዕቃና ለአሠልጣኟ ብቻ ይውጣ። አሠልጣኟም የሰፈር ሴት ትሁን። አሁንስ?

ቆፍጣናው፦ የተጠቀሙበት ሣርና የተሸጠው ዕቃ ወር በወር ቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። እሱ ካለ እጄን አወጣለሁ። የግጭ ሰዎች ልጆች ግን ቀድመው ይመዝገቡ።

መንዜው፦ ሣሩ መጀመሪያ ይተከል ብያለሁ።

ስፌተኛዋ፦ ክረምት ሳይገባ ወስኑ እንግዲህ፣ በሐምሌ ያልተከለ ዓመት ይጠብቃል።