ህንድ ውስጥ "ህንድኛ" የሚባል ቋንቋ የለም፦ ወደ ቼናይ ለሚመጣ ቤተሰብ የቋንቋ ጥያቄ

ጥያቄ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በቼናይ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተቀባይነት ስላገኘሁ ከባለቤቴና ከሰባት ዓመት ልጃችን ጋር ለመምጣት እየተዘጋጀን እንገኛለን። አንድ ዘመዳችን "የህንድ ብሔራዊ ቋንቋ ሂንዲ ስለሆነ ከአሁኑ ጀምሩት" ብሎ ስለመከረን ሦስታችንም በስልክ መማር ጀምረናል። ይሁን እንጂ ለልጃችን ያመለከትንበት ትምህርት ቤት በላከልን ቅጽ ላይ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ሁለተኛ ቋንቋ እንድንመርጥ ተጠይቀናል፤ የቀረቡት አማራጮች ታሚል፣ ሂንዲና ፈረንሳይኛ ናቸው። ብሔራዊ ቋንቋው ሂንዲ ከሆነ ምርጫው ለምን አስፈለገ? ከተማውን የምታውቁ ብታስረዱን ውለታችሁን አንረሳም።

ከቼናይ የተሰጠ መልስ

ውድ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት። እዚህ ስኖር ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ስመጣም የዘመድዎን ግምት ይዤ ነበር። በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩኝ መምህራን አንዱ የደቡብ ህንዷ የኬረላ ግዛት ሰው ነበሩ። እኛ ተማሪዎቻቸው ከፊልም የለቃቀምናቸውን ሁለት ሦስት የሂንዲ ቃላት ወርወር እያደረግን "ህንድኛ" የቻልን ሲመስለን፣ እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉን ነበር። ከዓመታት በኋላ እዚህ መኖር ጀምሬ በስልክ ሳገኛቸው ነው አፍ የፈቱበት ቋንቋ ማላያላም መሆኑንና ሂንዲን ያወቁትም በትምህርት ቤት እንደ ባዕድ ቋንቋ ተምረው መሆኑን የነገሩኝ። በፈገግታቸው ውስጥ ምን ያህል ትዕግሥት እንደነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት ነገር ህንድ በሕግ የታወጀ ብሔራዊ ቋንቋ የሌላት መሆኑ ነው። ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 343 የሚለው የማዕከላዊ መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ በዴቫናጋሪ ፊደል የሚጻፍ ሂንዲ እንደሚሆን ነው። ስለ ብሔራዊ ቋንቋ አያወራም። ይህ ልዩነት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ ይላል እንጂ ብሔራዊ ቋንቋ አይለውም። በ2010 የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንድ አቤቱታ ላይ ሲወስን፣ ብዙ ሰው ሂንዲን እንደ ብሔራዊ ቋንቋ ቢቀበለውም እንዲህ ተብሎ የታወጀበት ምንም ሰነድ እንደሌለ ገልጿል። (ዓመታቱንና ቀናቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ይህ ክፍተት በቸልታ የተፈጠረ አይደለም። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀው ጉባኤ እንደ ቋንቋ ጉዳይ የተፋጀበት ነገር ጥቂት ነው። ገና በ1946 አንድ አባል ሂንዱስታኒ (የሂንዲና የኡርዱ የጋራ መነጋገሪያ) የማይችል ሰው ህንድ ውስጥ የመኖር መብት የለውም እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ከደቡብ የመጡት በበኩላቸው የሰሜን ወዳጆቻቸው ሙሉዪቱን ህንድ ወይም የሂንዲን ህንድ አንዱን እንዲመርጡ አስጠነቀቁ። መስከረም 14 ቀን 1949 የተስማሙበት መፍትሔ ስምምነትም ቀጠሮም ነበር፦ ሂንዲ የሥራ ቋንቋ ይሆናል፣ እንግሊዝኛ ግን ለ15 ዓመት አብሮት ይቆያል። ሰሜኑ በዓመታቱ ውስጥ ደቡብ ሂንዲን ይለምዳል ብሎ አሰበ፤ ደቡብ ደግሞ እስከዚያው ነገሩ ይረሳል ብሎ ተስፋ አደረገ። ቀጠሮው የሚያልቀው ጥር 26 ቀን 1965 ነበር።

እዚህ ላይ በቼናይ ሽማግሌዎች አፍ ደጋግሜ የሰማሁትን ልንገርዎት፤ ነገሩ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነውና። በ1937 ቼናይ ያለችበት የያኔው የማድራስ ግዛት (ዋናው ክፍሉ የዛሬው ታሚል ናዱ ነው) ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ራጃጎፓላቻሪ፣ ራሳቸው ታሚል ሆነው ሳለ፣ ሂንዲን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስገዳጅ አደረጉ። በተቃውሞው ብዙ ሰው ታሰረ፤ ናታራጃንና ታላሙቱ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ ትእዛዙም በ1940 ተነሣ። እኚሁ ራጃጎፓላቻሪ በእርጅናቸው ዘመን ሂንዲ እንዳይጫን ከሚከራከሩት ዋነኛው ሆኑ። በ1963 ፓርላማው ስለ ቋንቋ ያወጣው ሕግ ከ1965 በኋላ እንግሊዝኛ "ሊቀጥል ይችላል" አለ። ታሚሎች የፈለጉት "ይቀጥላል" የሚለውን ነበር። በዚያ በ"ይችላል" ምክንያት፣ ቺናስዋሚ የተባለ ሰው በጥር 1964 በቲሩቺራፓሊ ከተማ በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ።

በጥር 1965 አደባባይ የወጡት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ለምን ተማሪዎች እንደሆኑ ያስቡት። የመንግሥት ሥራ መቀጠሪያ ፈተና በሂንዲ ብቻ ቢሆን በሂንዲ አፉን የፈታው የሰሜን ልጅ በእናቱ ቋንቋ ሲፈተን፣ የታሚሏ ከተማ የማዱራይ ልጅ በተውሶ ቋንቋ ሊወዳደረው ነው። የአባቶቻቸው ጥያቄ የታሚል ክብር ነበር፤ የልጆቹ ጥያቄ ደግሞ እንጀራ ተጨመረበት። በሳምንታት ውስጥ በመንግሥት ቁጥር እንኳ 70 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ በማዕከላዊው መንግሥት ከነበሩት ታሚል ሚኒስትሮች ሁለቱ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪም የካቲት 11 ቀን በሬዲዮ ቀርበው የሂንዲ ተናጋሪ ያልሆኑ ግዛቶች እስከፈለጉ ድረስ እንግሊዝኛ እንደሚቀጥል ቃል ገቡ። በ1967 የተሻሻለው ሕግ ይህን ቃል አጸናው፤ እንግሊዝኛ የሚቀረው ሂንዲን የሥራ ቋንቋቸው ያላደረጉ ግዛቶች ምክር ቤቶች ሁሉ ሲስማሙ ብቻ ነው። አንዱ እምቢ ቢል በቂ ነው። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ፓርቲ በዚህ ግዛት ምርጫ ተሸንፎ አናዱራይ የተባሉት የታሚሎች መሪ ሥልጣን ያዙ፤ ኮንግረስ ከዚያ ወዲህ ግዛቱን መርቶ አያውቅም። ማዕከላዊው መንግሥት በ1968 ትምህርት ቤቶች ሦስት ቋንቋ እንዲያስተምሩ ቀመር ሲያወጣ፣ ይህ ግዛት በዚያው ዓመት ታሚልና እንግሊዝኛ ይበቁኛል ብሎ ወሰነ። ለልጅዎ የተላከው ቅጽ መነሻው ይህ ነው።

ያለፈ ታሪክ ነው እንዳይሉኝ፣ በ2025 እንኳ ማዕከላዊው መንግሥት ግዛቱ አዲሱን የትምህርት ፖሊሲ አልቀበልም በማለቱ ከ20 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የትምህርት ገንዘብ ይዞበት ክርክሩ ተጋግሎ ነበር፤ በየካቲት ወር በዚሁ ግዛት በፖላቺ ባቡር ጣቢያ ቢጫው ሰሌዳ ላይ ካሉት ሦስት ጽሑፎች የሂንዲውን ሰዎች በጥቁር ቀለም ደፈኑት። በዚያው ዓመት ሙምባይ ያለችበት የማሃራሽትራ ግዛት ሂንዲን ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሦስተኛ ቋንቋ አደርጋለሁ ብላ፣ በማራቲ ተናጋሪዎች ተቃውሞ በሰኔ ትእዛዙን አንሥታለች።

እርስዎ እንግዳ ነዎትና ይህ ክርክር ምን አገባኝ ይሉ ይሆናል። በእኔ ላይ የደረሰውን ልንገርዎት። በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጩን በሂንዲ "ኪትና?" ብዬ ዋጋ ጠየቅሁት። ዝም ብሎ አየኝና በእንግሊዝኛ መለሰልኝ። አልተቆጣም፤ ከእኔ በፊት የነበሩትን "አና" እያለ ሲያስተናግድ የነበረው ሰው ግን ከእኔ ጋር ሲሆን ፊቱ ተዘጋ። "አና" በታሚል ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ "አካ" ታላቅ እህት። የቤት አከራያችን እናት በር ላይ ባገኙኝ ቁጥር "ሳፕቲንጋላ?" ይሉኛል፤ "በልተዋል ወይ?" ማለት ነው፤ እንደ እኛ "እንዴት አደሩ" ሰላምታ ነው። ወደ መጨረሻው ያለችው "ንጋ" የአክብሮት ናት። ልክ እኛ "ና" እና "ይምጡ" እንደምንለው እነሱም "ቫ" እና "ቫንጋ" ይላሉ። ይህን አንድ ድምፅ ያወቅሁ ዕለት በሰፈሩ ያሉት በሮች ሁሉ ተከፈቱልኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት ያለዎትን ጊዜ ለታሚል ያውሉት፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በእንግሊዝኛ ይግባባሉ፣ ከጎረቤት ጋር ግን በታሚል ነው።

ከዴሊ የተሰጠ አስተያየት

የተከበሩ ወንድሜ፣ ታሪኩን አላስተባብልም፤ ነገር ግን የቀረበው ከአንድ ወገን ብቻ ስለመሰለኝ ጥቂት እንድጨምር ይፍቀዱልኝ። ሂንዲ አይጫንብን ሲባል በተግባር ቦታውን የሚይዘው እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ የማን ነው? በ2011 ቆጠራ መሠረት እንግሊዝኛን በአንደኛ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋነት የሚያውቀው ከሕዝቡ 10 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሂንዲን በዚሁ መለኪያ የሚያውቀው 57 ከመቶ ይደርሳል። ጥሩ ትምህርት ቤት የሚከፍልለት ልጅ በእንግሊዝኛ ፍርድ ቤትም ሆስፒታልም ይገባል፤ የገበሬ ልጅ ደግሞ የራሱን ክስ እንኳ ሳይሰማው ይፈረድለታል ወይም ይፈረድበታል፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሂደት እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ነውና። ጋንዲ ሂንዱስታኒ የሕዝብ መገናኛ ይሁን ያሉት፣ ሶሻሊስቱ ራም ማኖሃር ሎሂያም "እንግሊዝኛን አስወግዱ" ብለው የተነሡት ለዚህ ነበር።

እዚህ ዴሊ ጣቢያ ላይ ሻንጣ ተሸካሚው ከቢሃር፣ ሻይ ሻጩ ከኦዲሻ፣ ተሳፋሪው ከፑንጃብ ሆነው በአንድ ቋንቋ ሲነጋገሩ በየቀኑ አያለሁ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሥራ ያገናኛቸው ሰዎች ናቸው። በቼናይም የግንባታ ሠራተኞቹ እርስ በርስ በምን እንደሚነጋገሩ ወንድሜ ያውቃሉ። እህታችን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ሙምባይ መሄዳቸው ስለማይቀር የጀመሩትን ሂንዲ ባያቋርጡት እመርጣለሁ።

ከቼናይ የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ስለ እንግሊዝኛ ያሉት እውነት ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። አንድ አቅመ ደካማ ሰው የመድኃኒቱን ወረቀት ይዞ በሰፈሬ ፋርማሲ ደጃፍ አንባቢ ሲፈልግ አይቻለሁ፤ ለእሱ እንግሊዝኛውም ሂንዲውም እኩል የተዘጉ ናቸው፤ የሚጠቅመው የታሚል ጽሑፍ ነው። የግንባታ ሠራተኞቹም እርስዎ እንዳሉት በሂንዲ ይነጋገራሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን አብዛኛዎቹ ገበያ ላይ በታሚል ሲከራከሩ ይሰማሉ።

በቁጥሩ ላይ ግን አንድ ነገር መነሣት አለበት። በ2011 ቆጠራ ሂንዲ አፍ መፍቻዬ ነው እንዳለ የተመዘገበው 43.6 ከመቶ ሕዝብ ውስጥ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጡ ቦጅፑሪ ተናጋሪዎች፣ 25 ሚሊዮን ያህል ራጃስታኒ ተናጋሪዎች፣ ቻቲስጋሪና ማጋሂ ተናጋሪዎችም ተደምረዋል። የቢሃሩ ሻንጣ ተሸካሚ ከእናቱ ጋር የሚያወራው በሂንዲ ላይሆን ይችላል። የቢሃሩ ማይቲሊ ቋንቋ እንኳ እውቅና ያላቸው ቋንቋዎች በተዘረዘሩበት በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ሠንጠረዥ ውስጥ ራሱን ችሎ የገባው በ2003 ነው፤ ሠንጠረዡ በ14 ቋንቋ ተጀምሮ ዛሬ 22 ደርሷል። አንድ ቋንቋ ለሁሉ ይሁን በተባለ ቁጥር አስቀድመው የሚጠፉት ከታሚል ይልቅ የሰሜኑ ትንንሽ ጎረቤቶቹ ናቸው ብዬ እፈራለሁ።

ታሚሎች ሂንዲን ይጠላሉ የሚለውም አይስማማኝም። ጋንዲ በ1918 ያስጀመሩት የደቡብ ህንድ ሂንዲ ማስፋፊያ ማኅበር ዛሬም በቼናይ ቲ ናጋር ሰፈር ይሠራል፤ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ገንዘብ ከፍለው ለሂንዲ ፈተናው ያዘጋጃሉ። እነዚሁ ወላጆች "ግዴታ" ሲባሉ ሰልፍ ይወጣሉ። ከህንድ የገንዘብ ኖት ጀርባ ላይ በ15 ቋንቋ የዋጋው ስም እንደ መሰላል ተደርድሮ ይገኛል፤ ከፊት ለፊቱ ሂንዲና እንግሊዝኛ አሉ። የመቶ ሩፒ ኖት ይዤ ለአከራያችን እናት ባሳየኋቸው ጊዜ፣ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወርደው የታሚሉ መሥመር ላይ አቆሙልኝና "ኑሩ" ብለው አነበቡልኝ፤ መቶ ማለታቸው ነው።

እህቴ፣ ወደ ቅጹ እንመለስ። ሁለተኛ ቋንቋ በሚለው ላይ ታሚልን ይጻፉ፤ ሂንዲውን፣ ወንድማችን እንዳሉት፣ በቤት ያስቀጥሉት። ትምህርት ቤቱ ልጁ ዘግይቶ መጀመሩን አስታውሶ ረዳት ክፍለ ጊዜ እንዳለው አስቀድመው ይጠይቁ። ፊደሉ አያስፈራዎ። 12 አናባቢና 18 ተነባቢ አለው፤ ተነባቢው ከአናባቢው ጋር ሲጣመር ቅርጹን እየለወጠ ይሄዳል፤ ከአንዲት ልዩ ፊደል ጋር በጠቅላላው 247 ይሆናል። ልጅዎ ፊደል ቆጥሮ ከሆነ አካሄዱን አስቀድሞ ያውቀዋል። የእኔ ልጅ በስድስት ዓመቷ የታሚሉን ሰሌዳ ከእኛው የሀ ሁ ሂ ሰሌዳ ጎን ለጥፌላት፣ አንድ እጇን በአንዱ ሌላውን በሌላው ላይ አድርጋ "ከ፣ ካ፣ ኪ፣ ኩ" እያለች ሁለቱንም አንድ ላይ ትወርድ ነበር፤ የታሚሉ መምህርቷም እቤት መጥተው ሰሌዳችንን ፎቶ አንሥተው ሄዱ።