የእማዬ ግቢ ወይስ ጂ ፕላስ 4? (ጎንደር)

የማራኪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ሚኒያፖሊስ ነው። «የእማዬን ቤት አፍርሰን ጂ ፕላስ 4 እንሥራ፤ እሷ ምድር ቤት ትኑር፣ ሌላው ይከራያል» ይላል። ተከራይስ አይጠፋም፤ ከበለሳም ከአርማጭሆም የሚገባው ሁሉ ቤት ፈላጊ ነው። እማዬ ግን «እኔ የሞትኩ ለት ድንኳኑ የት ሊተከል ነው?» ብላ ዘጋችው። ጌሾዋ ጓሮ፣ ጋኗ ደጅ ነው። እሱ ይሄን ኋላ ቀርነት ይለዋል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ እውነቱን ንገሩኝ፤ ይለመዳል?

አዘዞ ሦስተኛ ፎቅ፦
ይለመዳል እህቴ። ግን ውኃ ሲመጣ ታች ያለው ሮቶውን እስኪሞላ እኛ ጋ ጠብ አይልም፤ ጀሪካን ይዞ ደረጃ መውጣት ነው። በርበሬ መውቀጥማ አይታሰብ፣ የታችኛው ጎረቤት ጣሪያው የተናደ ይመስለዋል። ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ቤት እኛ ብሎክ ላይ ሰው ተከራይቶበታል። አዋጅ 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበር ይኑር ይላል፤ አለ፣ የሚሰበሰበው የደረጃው አምፖል ሲቃጠል ነው። ለቅሶ ግን አትስጊ። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል፣ እድሩም አልፈረሰም።

ሚኒሶታ ነኝ፦
እዚህ ፎቅ የስደተኛ መጀመሪያ ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሪቨርሳይድ ፕላዛ፣ ትልቁ ሕንፃው ባለ 39 ፎቅ፣ ሶማሌውና ሐበሻው የሞላበት ነው። ፈረንጁም ቢሆን እንደ እናትሽ ነው! የሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ ቦታ ላይ እስከ ሦስት ቤት ይፈቀድ ብሎ በ2018 እ.ኤ.አ. ሲወስን «ሰፈራችንን በቡልዶዘር አታፍርሱ» የሚል ሰሌዳ በየደጁ ተተክሎ ነበር። እስቲ ወንድምሽን እሱ ራሱ የት እንደሚኖር ጠይቂው።

የአራዳው፦
ከክርክሩ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሂጂ። ነባር ይዞታ ነው ሊዝ? ፕላኑስ ስንት ፎቅ ይፈቅዳል? ወደ ፋሲል ግቢ የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፤ ይሄንን ቀድመሽ ጠይቂ።

የማራኪዋ፦
ጠየቅሁት! ከከተማ ወጣ ብሎ ጓሮ ያለው ቤት ነው የገዛው፤ «ሣር ማጨዱ ሰለቸኝ» አለኝ ጭራሽ። ለእማዬ ነገርኳት፣ እስካሁን ትስቃለች። ይዞታው ነባር ነው። ጂ ፕላስ 1 ሆኖ ግማሹ ግቢ ቢቀርስ? እንዲህ የሠራ ካለ የመሠረቱን ወጪ በውስጥ ጻፉልኝ።