ከብረት ዱቄት የምንሠራው ቡሽ ከእቶን ሲወጣ ልኩ ይለያያል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂው፦ ሰላም ናችሁ? ፔንሲልቬንያ ውስጥ የብረት ዱቄት ጨምቆ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፕሬሱ (መጭመቂያው ማሽን) ላይ ከተመደብኩ 3 ወር ሆነኝ። ቡሹ፣ ማለትም ዘንግ የሚገባበት ቀለበት መሰል ዕቃ፣ ብረት፣ 2 በመቶ መዳብና 0.6 በመቶ ግራፋይት አለው። የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ሲሆን የተፈቀደልን ከዚያ 20 ማይክሮን (0.02 ሚሊሜትር) ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብቻ ነው። ከፕሬስ ሲወጣ ደህና ይመስላል። በ1120 ዲግሪ እቶን አልፎ ሲመጣ ግን አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል፤ ወገቡ የቀጠነም አለ። ሻጋታውን እናስቀይረው ይሆን?

የፕሬስ ሰው፦ ወንድሜ፣ ሻጋታውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ እሳት ያልነካቸውን 20 ቡሾች በተከታታይ መዝን፤ ቁመታቸውንም ለካ። ክብደቱ ከተለዋወጠ ችግሩ ዱቄቱ ሻጋታው ውስጥ አሞላሉ ላይ ነው። የዱቄቱ ማጠራቀሚያ እስኪያልቅ አትጠብቅ። ግራፋይት ከብረት በጣም ስለሚቀል በንዝረት ይለያል። እኛ ግማሽ ሲደርስ እንሞላለን። ወገቡ የቀጠነው ደግሞ ፕሬሱ ከላይም ከታችም ስለሚጫን ነው። ዱቄቱ ከሻጋታው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ግፊቱ መሀል ሳይደርስ ይደክማል። መሀሉ ሳሳ ብሎ (በደንብ ሳይታመቅ) ይቀራል፤ እሳት ውስጥም እንደ ጫፎቹ አይሆንም።

እሳት ዳር፦ ልጨምርበት። መዳብ 1085 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጥና በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ሰርጎ ቡሹን ያሳብጠዋል። ከግራፋይቱ የሚመጣው ካርቦን ይህን እብጠት ይቀንሰዋል። ግራፋይት ያነሰበት ይሰፋል፣ የበዛበት ይጠባል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሙቀቱን ያማል፤ ጥፋቱ ግን የድብልቁ ሆኖ ይገኛል። እቶኑን ለማጣራት ክብደታቸው እኩል የሆኑ ቡሾች ላይ ምልክት አድርግና ዕቃውን እቶን ውስጥ ከሚያሳልፈው ቀበቶ ግራ፣ መሀልና ቀኝ አስገባቸው። ልዩነቱ ቦታቸውን ከተከተለ ያኔ እቶኑን ጠይቀው።

ጠያቂው፦ አለቃዬ «ሳይዚንግ እንጨምርበት» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ሻጋታ ሠሪው፦ ሳይዚንግ፣ ማለትም ከእሳት በኋላ በሌላ ሻጋታ መልሶ መጫኑ፣ የልኩን ልዩነት በደንብ ያጠባል። ግን 0.6 በመቶ ካርቦን ያለው ቡሽ ጠንካራ ነው፣ እንደ ንጹህ ብረት አይታዘዝም። ሲለቀቅም ትንሽ ይመለሳል። በሰፊው የሚዋዥቅ ቡሽ ብታስገባ የሚዋዥቅ ቡሽ ነው የምታወጣው። መጀመሪያ ከላይ የተባለውን ጨርስ።

ጠያቂው፦ መዘንኩ! ጠዋት እኩል ነበሩ፤ ማጠራቀሚያው ሲጎድል ክብደታቸው መለዋወጥ ጀመረ። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ላይ እየሞላሁ ነው። ምልክት ያደረግኩባቸው ነገ ከእቶን ይወጣሉ፤ ለክቼ እነግራችኋለሁ። ተባረኩ።