ኔልቼ የሚለው የሆላንድ ስም ትርጉሙ ምንድነው?

ጥያቄ፦
ሰላም! የድሮ የሆላንድ የጥምቀት መዝገብ እያገላበጥኩ ነው፤ ኔልቼ የሚባል የሴት ስም በየገጹ ይመጣብኛል። አያቷ ኔልቼ፣ የልጅ ልጇም ኔልቼ። ምን ማለት ነው?

መልስ 1፦
የኮርኔሊያ ቁልምጫ ነው። ኮርኔሊያ ተቆርጣ «ኔል» ቀረች፣ «ቼ» ደግሞ ማሳነሻ ናት። ደቾች (የሆላንድ ሰዎች) ሁሉን ነገር በእሷ ነው የሚያሳንሱት፤ ውሻ «ሆንት» ነው፣ ትንሿ ውሻ «ሆንቼ»። ኮርኔሊያ ግን የጥንት ሮማውያን የቤተሰብ ስም ናት፤ ብዙዎች «ኮርኑ» ከሚለው የላቲን ቃል ጋር ያያይዙታል፣ ቀንድ ማለት ነው።

መልስ 2፦
ወንዱ እኮ ቆርኔሌዎስ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ ላይ ያለው የመቶ አለቃ! በዚያ አካባቢ ስሙ እንዲወደድ ያደረገው ግን በ253 እ.ኤ.አ. የሞተው የሮማው ጳጳስ ቆርኔሌዎስ ነው። አጽሙ ያረፈበት ገዳም የጀርመኗ ከተማ አኸን አጠገብ ነው፣ ከሆላንድ ድንበር ብዙም አይርቅም።

መልስ 3፦
የሆላንድ ክፍለ ሀገር በሆነችው ዜላንድ ውስጥ ኔልቼ ያንስ የምትባል ሰው ሠራሽ ደሴትም አለች፤ ከ1953ቱ ጎርፍ በኋላ ታቅዶ በ1986 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የተመረቀው የባሕር መከላከያ ግድብ አካል ናት። «ያንስ» የያን ልጅ ማለት ነው። ድሮ በአባት ስም ነበር የሚጠሩት።

ጠያቂው፦
ቆይ፣ ታዲያ ኮርኔሊያና ኔልቼ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው? ጉድ ፈላ! አንዷን ሴትዮ ሁለት አድርጌ ስቆጥር ነው የከረምኩት።