ሚኒዋ ኮምፒውተሬ ውስጥ ትልቁን ሃርድ ዲስክ ላስገባ ብዬ ክዳኗን አስረዘምኩ፤ ዲስኩ ግን ዝም አለ

ካሜራ ዘደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ጥር ሲመጣ ፋይል ማስቀመጫ ያጥረኛል። ያገለገለች ሌኖቮ ታይኒ አለችኝ፣ ውፍረቷ ሦስት ሳንቲ ተኩል የማትሞላዋ። ውስጧ የሚገባው ትንሹ፣ ባለ 2.5 ኢንቹ ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው፣ እኔ ያሉኝ ደግሞ ሁለት ባለ 3.5 ኢንች፣ ባለ 4 ቴራ። ስለዚህ ክዳኑን ከፍ የሚያደርግ ፍሬም ኮምቦልቻ በስሪዲ ፕሪንተር አሠራሁ። የብሎኑ ቀዳዳ በግማሽ ሚሊ ስቶ በሞረድ ስፈገፍግ አመሸሁ። በመጨረሻ ገጠመ፣ ዲስኩን ሰካሁ፣ ዝም! አይዞርም፣ ድምፅም የለው። ተቃጥሎ ይሆን? ደግሞ አንድ ጎረቤቴ "ደሴ ከፍታ ስለሆነ ሃርድ ዲስክ አይበረክትም" ይለኛል። እውነት ነው?

ቦርከና
አብሽር፣ አልተቃጠለም። ትልቁ ዲስክ 5 ቮልትም 12 ቮልትም ይፈልጋል፣ ሞተሩ የሚዞረው በ12ቱ ነው። የማሽንህ ሳታ (ዲስኩ የሚሰካበት ማገናኛ) ለትንሹ ዲስክ ስለተሠራ 5 ብቻ ነው የሚሰጠው። ሁሉም ሰው ፕላስቲኩ ላይ ይጨነቃል እንጂ ፈተናው መብራቱ ነው።
የሴኪዩሪቲ ካሜራ አዳፕተር ግዛ፣ 12 ቮልት 5 አምፔር የሚለውን። ባለ 2 አምፔሩን ይዘህ እንዳትመጣ፣ ምክንያቱም አንዱ ዲስክ ብቻውን ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንድ ወደ 2 አምፔር ይስባል፣ ሁለቱ አብረው ሲነሱ 4 ሆነ ማለት ነው። 5 ቮልቱን ከዚያው በቮልት ማውረጃ ቦርድ ታወጣለህ። ኔጌቲቩን ከማሽኑ ጋር አንድ አድርገው። ዲስኩን ከመሰካትህ በፊት ደግሞ በቴስተር ለካ! እኔ ሳልለካ 12ቱን በ5ቱ መስመር ለቅቄ አንድ ዲስክ ሸኝቻለሁ፣ ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ሽቦና ሙጫ
ፍሬሙን በምን ፕላስቲክ አሠራኸው? በፒኤልኤ ከሆነ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። የእኔን ከኮምቦልቻ ሳመጣ መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ ትቼው፣ ሀረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ እንደ ቂጣ ተንጋዶ አገኘሁት። ፒኢቲጂ የሚባለው ፕላስቲክ ይሻላል፣ እስከ 80 ገደማ ይችላል።
ብሎኑንም ተጠንቀቅ። የትልቁ ዲስክ የኢንች ጥርስ ነው፣ የትንሹ ዲስክ ኤም 3 (ባለ 3 ሚሊው ብሎን) ገብቶ ይላላል እንጂ አይይዝም። በሁለቱ ዲስኮች መሃል ቢያንስ አንድ ሳንቲ ተው፣ ጎን ላይ አንዲት ፋን። ንዝረቱን እኔ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ ብሎኑ ሥር በማድረግ ነው ያስቆምኩት፣ ርካሽ ናት ግን ትሠራለች።
ሳታው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን በዩኤስቢ ማገናኛ አድርገው።

የጦሳ ልጅ
ጎረቤትህ ከባዶ ሜዳ አላወራም። የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ አየር በጣም ሲሳሳ ችግር አለው። ግን አምራቾቹ እስከ 3,000 ሜትር ይፈቅዳሉ፣ ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። የሳሳ አየር ሙቀት ቶሎ ስለማያወጣ ፋኗን አትርሳ እንጂ ተኛ። እኛ ሰፈር ዲስክ የጨረሰው ከፍታ ሳይሆን ጠፍቶ የሚመጣው መብራት ነው። ያገለገለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን) ፈልግና ማሽኑንም የዲስኩን አዳፕተርም በአንድ ላይ ሰካቸው። የአንዱ ብቻ ከጠፋ ፋይል መሃል ላይ ይቆረጣል።

ካሜራ ዘደሴ
ተነሱ! ሁለቱም! ቴስተር ተውሼ ለካሁ፣ ማውረጃው መጀመሪያ 7.4 ነበር የሚያወጣው፣ ቦርከና ባትነግረኝ ኖሮ አለቀልኝ ነበር። ሲዞሩ ከሩቅ የሚመጣ ባጃጅ ይመስላሉ። ፍሬሙ ፒኤልኤ ነው ለካ፣ በፒኢቲጂ ድጋሚ አዝዣለሁ። አንዱ ጥግ ግን አሁንም ከፍ ብሏል፣ ሞረዱን ማን ወሰደብኝ?