ጎልፍ ጂቲአይ 5፦ ለአዳማ–አሰላ መንገድ የትኛው የፍሬን ሸራ ይሻላል?

ቀዩ ጎልፍ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው በየቀኑ አዳማ ከተማ ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ አሰላ ደርሶ ይመለሳል። የፊት ሸራው 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል። ዲስኩ ወርዱ 312 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ 23.8 ሚሊሜትር። ከኢተያ ወደ ዴራ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይደክማል። ፌሮዶ ዲኤስ 2500 ላስገባ ወይስ ኢቢሲ የሎስታፍ? ወይስ የኦሪጅናሉን ዓይነት? የምቀይረው ራሴ ነኝ፤ የት ላይ እንደሚበላሽ ንገሩኝ።

ዶት አራት
ሸራ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ። ሲደክም ፔዳሉ እየለሰለሰ ወደ ታች ይሰምጣል ወይስ እንደወትሮው ጠንክሮ መኪናው አልቆም ይላል? ፔዳሉ ጠንክሮ እያለ መኪናው ካልቆመ ሸራው ከሚችለው ሙቀት አልፏል ማለት ነው። ከለሰለሰ ግን የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው፣ የፈለግከውን ሸራ ብታስገባ ለውጥ የለውም።

ቀዩ ጎልፍ
ይለሰልሳል። ዘይቱ ጠቁሯል፣ መቼ እንደተቀየረም አይታወቅም።

ዶት አራት
እንግዲያው ከዘይቱ ጀምር። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ያልተከፈተ 1 ሊትር ግዛና ከአራቱም ጎማ ንጹህ ዘይት እስኪወጣ ድረስ አፍስስ። ላይኛው ማጠራቀሚያ በጭራሽ ባዶ እንዳይሆን፤ አየር ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል) ውስጥ ከገባ ያለ ኮምፒውተር ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው። በየ2 ዓመቱ ቀይረው።

ሶማሌ ተራ
ስለ ሸራው፦ ዲኤስ 2500 ለውድድር የተሠራ ነው። ጥሩ ሸራ ነው፣ ግን ለባጃጅና ለእግረኛ በየሜትሩ ፍሬን ለሚያዝበት ከተማ አይሆንም፤ ይጮሃል። የሎስታፍ ከብርድ ጀምሮ ይይዛል፣ አቧራው ግን ብዙ ነው። የእኔ ምርጫ ኤቲኢ ወይም ቴክስታር ነው። ሳጥኑ የታሸገ መሆኑን፣ ሸራው ጀርባ ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ ያለችውን ኢ ፊደልና 90አር የሚለውን ምልክት ፈልግ። ይህ ምልክት ሸራው ከኦሪጅናሉ ጋር ተነጻጽሮ የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ በጣት የሚለቅ ከሆነ ተወው። ዲስክህ ገና ነው፣ የውፍረቱ መጨረሻ 22 ነው። ቶርኖ ቤት ወስደህ ግን አታስላጨው፤ የቀረችህን 1.8 ሚሊሜትር ይበላብሃል።

ባለ 7 አለንኪ
አገጣጠሙን ልንገርህ። ክሪክ ላይ ብቻ ቆሞ አትሥራ፣ ከስር ድጋፍ ብረት አስገባ። ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ብረት) ላይ ያለውን ትልቁን ስፕሪንግ አውጣ፣ በግራው በኩል ያለውን የሸራ ማለቂያ ሴንሰር ሶኬት ንቀል፣ ከኋላ ሁለቱን የጎማ ክዳኖች አንስተህ ፒኖቹን በባለ 7 አለንኪ ፍታ። ካሊፐሩን በሽቦ እሰረው፤ በፍሬን ዘይት ቱቦው ላይ ከተንጠለጠለ ውስጡ ይቀደዳል። ፒስተኑን ቀስ ብለህ ግፋ። ዘይቱ ወደ ላይ ስለሚመለስ አስቀድመህ በሲሪንጅ ቀንስለት፣ ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይልጠዋል።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው ፒኖቹ ላይ ነው። የዚህ ካሊፐር ፒን የሚሄደው በጎማ ውስጥ ስለሆነ ተጠርጎ ደረቁን ይገባል፤ ግሪስ ከተቀባ ጎማው ያብጥና ካሊፐሩ አይመለስም፣ አንዱ ሸራ ብቻውን ያልቃል። የፍሬን ግሪስ የሚቀባው የሸራው ጆሮ የሚንሸራተትበት ብረት ላይ ብቻ ነው፣ እሱም በስሱ። በአዳማ አቧራ ያ ቦታ ቶሎ ስለሚደፈን መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ክሊፕ ያለው ሸራ ወደ ፒስተኑ ይገባል። ፒኑን በ30፣ የጎማ ብሎኑን በ120 ኒውተን ሜትር እሰር።

ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። ይህን ካላደረግህ መጀመሪያ ስትይዘው ወለል ይነካል፣ መኪናውም አይቆምልህም።

ቀዩ ጎልፍ
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። አዲሱን ሸራ ከዲስኩ ጋር ማለማመዱን ፈጣን መንገዱ ላይ ባደርገውስ?

ሶማሌ ተራ
በፍጹም! ከኋላህ በ120 የሚመጣ አለ። ማለዳ ባዶ መንገድ ፈልገህ ከ60 ወደ 20 ከ8 እስከ 10 ጊዜ አውርደው፣ በመሀሉ 30 ሴኮንድ ያህል እየነዳህ። ሙሉ በሙሉ አታቁመው፤ በጋለ ዲስክ ላይ ሸራውን ጫን ብለህ ከቆምክ ያንን ቦታ ይቀባውና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሲጨርስ ፍሬን ሳትነካ ጥቂት ነድተህ አብርደው።

ዶት አራት
ከአሰላ ወርደህ እንደገባህም ቀጥታ ላቫጆ አትውሰደው። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲረጭ ሊጣመም ይችላል። ቁልቁለቱንም በ3ኛ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ።