የቲማቲም ችግኞቼ ቅጠል ተጣመመብኝ፣ ሆርሞኑ ነው ወይስ መርጫው?

ሰላም ናችሁ፣ ጎንደር አዘዞ ነኝ። ሃይላንድ ቆርጬ ያፈላኋቸው 60 የቲማቲም ችግኞች አሉኝ፣ 5 ሳምንት ሆናቸው። ብርዱ ነው መሰለኝ እድገታቸው ሲዘገይብኝ ጅብሬሊን የሚባለውን ሆርሞን ገዛሁና 1 ግራሙን ዱቄት በውሃ አልሟሟ ሲለኝ በአረቄ በጥብጬ (አጎቴ እስካሁን ይስቅብኛል) 20 ሊትር ውሃ ላይ ጨምሬ በ5 ቀን ልዩነት ሁለቴ 50ዎቹን ረጨኋቸው፣ 10ሩን ለማነጻጸር ተውኳቸው።

የተረጩት ግንዳቸው እንደ ሸንበቆ ተመዘዘ፣ ቅጠላቸውም ገረጣ፣ እሱስ እሺ፣ ጅብሬሊን በአንጓና በአንጓ መሀል ያለውን ስለሚያስረዝም ነው ብዬ ተቀበልኩት። ግራ ያጋባኝ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው፣ ጠባብ ሆኖ ደም ስሩ ተጠጋግቶ ወደታች ይጠቀለላል፣ ግንዱም ተጣሟል። ያልተረጩት ሰላም ናቸው። በንጹህ ውሃ አጠብኳቸው፣ ትንሽ ዩሪያም ሰጠኋቸው፣ ወይ ፍንክች። ለካ መርጫውን ያዋሰኝ ጎረቤቴ ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ (2,4-D) የሚባለውን የአረም ማጥፊያ ረጭቶበት ኖሯል፣ እሱ ደግሞ ኦክሲን እንደሚባለው ሌላ የተክል እድገት ሆርሞን ነው የሚሰራው፣ ቲማቲም በጥቂቱም ይጎዳል፣ እኔ መርጫውን ያለቀለቅኩት በውሃ ብቻ ነው።

እና የጅብሬሊን መብዛት ይሁን የቱ ፎር ዲ ቅሪት፣ ቅጠሉን አይቶ በምን መለየት ይቻላል?